የጋሽ ይለፉ በር

እህቴም ትስማው፣ እናቴም ትስማው፤ በእኛ ቤት ሰው ቢባል ሰው የእህቴ ባል ነው። ሌሎቻችን አፍ ብቻ ነን። እህቴ አለች፣ ሦስት ሴቶች ልጆቿ አሉ፣ እናታችን አለች፣ እኔም «ለጊዜው ነው» ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ገብቼ ይኸው እስከ ዛሬ ለጊዜው አለሁ። መኝታ ቤቶቹን እኛ ተካፈልናቸው፣ ሳሎኑን እናቴና ቴሌቪዥኑ ያዙት፣ ዕቃ ቤቱን አሮጌ ዕቃ ሞላው። ለእሱ የተረፈው ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት የሚወስደው ኮሪደር ነው። እዚያ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ትይዩ፣ አንድ ወንበር አለችው። ሰው ሲመጣ ጉልበቱን ሰብሰብ ያደርግና «ይለፉ፣ ይለፉ» ይላል። ትንሿን ልጁን እንኳ «ይለፉ» ነው የሚላት።

ቤቱ ውስጥ ዘግቶ የሚቀመጥበት በር ቢኖር የመታጠቢያ ቤቱ ነው። እሱንም ገና ቁልፉን ሳያዞር አንዷ መጥታ ትደበድበዋለች። «አባዬ፣ ውጣ!» «አንተ ሰውዬ፣ እዚያው ተኛህ እንዴ?» እህቴ ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የምትል ሴት አይደለችም። አንዴ «ውጣ» ካለች ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እያለ ይወጣል።

መሥሪያ ቤትም ይኸው ዕድሉ ተከተለው። እሱና እኔ የምንሠራው ቁልፍ፣ እጀታና ማጠፊያ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ እሱ ቅሬታ ተቀባይ ነው። በራችን አልዘጋ አለ፣ ቁልፉ አልዞር አለ የሚል ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ሰው ሁሉ በሩን እንዴት እንደሚዘጋ ሲያስተምር የኖረው ይህ ሰው፣ ጠረጴዛው የት መሰላችሁ? አዳራሹ ጫፍ፣ መጸዳጃ ቤቱ መግቢያ ላይ። ቀኑን ሙሉ «ይለፉ፣ ይለፉ።» ስሙም እዚያው ወጣለት፤ ጋሽ ይለፉ ተባለ። ተቀይሞ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ተሾመ። የቅሬታ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ ቢሆንም ሹመት ሹመት ነው። በድርጅታችን ደንብ ደግሞ ኃላፊ የተባለ ሰው በር ያለው ቢሮ ይሰጠዋል። ባዶ ክፍል ግን የለም። ሥራ አስኪያጁ አሰበ፣ አሰበና ከራሱ ቢሮ ጎን ያለውን በረንዳ በመስታወትና በአሉሚኒየም አዘጋው። በረንዳው ላይ የሥራ አስኪያጁ ኤሲ የውጭ ማሽን ቆሟል፤ ያ ትልቁ፣ ማራገቢያ ያለው ሣጥን።

«ይቺ ማሽንስ?» አለ አሉሚኒየም ሠሪው።

«ምን አደረገችህ? ትቀመጥ። ዕቃ እኮ ናት፣ አትናከስም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሌላ ቦታ እንዳትሰቀል ደግሞ የቦርድ ሰብሳቢው ሕንፃውን በአራቱም ጎን ገና ነጭ ቀለም አስቀብቶ፣ በዚህ ግንብ ላይ ምስማር እንኳ የሚመታ ሰው ሌላ እንጀራ ይፈልግ ብሎ ነበር። እንጀራውን የሚጠላ ሰው ስላልነበረ ማሽኗ እዚያው ተከተተች። ጋሼ ጠረጴዛውን አጠገቧ አስገባ። እህቴ መጋረጃና አበባ በማሰሮ ላከችለት፤ ለሰፈሩም አወራች፤ ያልሰማ ጎረቤት ቢኖር ደንቆሮ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፋይል ይዤለት ገፋ አድርጌ ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ ትንሽ ቅር አለው።

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

«ምንም። ብቻ... ወጥተሽ አንኳኩተሽ ብትገቢ?»

ሹመት እንዲህ ፈጥኖ ራስ ላይ ይወጣል እንዴ ብዬ ደሜ ፈላ። ወጣሁ። አንኳኳሁ። በሩ ከወገቡ በላይ መስታወት ነው፤ እሱ ያየኛል፣ እኔ አየዋለሁ። መነጽሩን አስተካከለ፣ ደረቱን ነፋ አደረገ፣ «ማነው?» አለ። እንዴ፣ እያየኸኝ? «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። «ይግቡ» አለና ፈገግታው ጆሮው ድረስ ደረሰ። እኔም እየተናደድኩ ሳቅሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ወፍራም ሰው ነው። ጠዋት እንደገባ ኤሲውን የመጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ ይጥደዋል። እሱ ሲጥደው ጋሼ ክፍል ውስጥ ያቺ ሣጥን ጉርምርም ትልና የጋለ አየር ትተፋለች። ጋሼ ለምሳ ሲወጣ ከመታጠቢያ ቤት የወጣ ነበር የሚመስለው። «ትንሽ ይሞቃል እንጂ ጥሩ ነው» ይላል። አበባዋ በሳምንቷ ጠወለገች። እሱ ግን በሩን ዘግቶ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ ላቡን እየጠረገ ቅሬታ ይቀበላል። ሸሚዝ እየቀያየረ የረጠበውን ማሽኗ ፊት ያሰጣል፤ ወዲያው ይደርቅለታል። ይህን ያዩ የአዳራሹ ሰዎች እርጥብ ጃንጥላና ካልሲ ይዘው መምጣት ጀመሩ። እሱ ደስ አለው። ለምን መሰላችሁ? ሲመጡ ያንኳኳሉ።

እቤት ግን ሌላ ጣጣ ተነሣ። እህቴ ወጥ ቤት ጠርታኝ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

«አንቺ፣ ባሌ እዚያ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ቅሬታ ይቀበላል።»

«ቅሬታ የሚቀበል ሰው ሸሚዙ ታጥቦ ይመጣል? ሱሪው ሁለት ቁጥር ሰፋው! ሴት ናት አይደል? ንገሪኝ!»

«ኧረ እትዬ፣ ኤሲ ነው።»

«ኤሲ ያለበት ቤት ሰው ይበርደዋል እንጂ ያልበዋል? እኔን ሞኝ አድርገሽ!» ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእኔም አልገባኝም ነበር።

የገባን ማሽኗ ቀጥ ያለች ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ፈትቶ «ሞትኩ!» እያለ ኮሪደሩ ላይ ተንጎራደደ። ወዲያው የኤሲ ጠጋኙ ተጠራ። ኢንጂነር በሉኝ ይላል፤ ትምህርቱን ጀምሮ መተዉን ግን ሁሉም ያውቃል። ጉራው ለጉድ ነው። የኤሲውን ጋዝ ራሱ የፈጠረው ነው የሚመስለው። ጋሼ ክፍል ገባ፣ ወዲያው ወጣ፣ ጃኬቱን አወለቀ፣ ተመልሶ ገባ።

«እዚህ ውስጥ ሰው ይኖራል?» አለ።

«እኔ አለሁ» አለ ጋሼ።

ጠጋኙ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትምህርቱን ጀመረ። «ኤሲ ብርድ ይሠራል ያላችሁ ማነው? ብርድ አይሠራም! ቤታችሁ ውሃ ቢገባ ምን ታደርጋላችሁ? በባልዲ ቀድታችሁ ውጭ ትደፋላችሁ። ይሄም እሱው ነው። ባልዲው ጋዙ ነው። አለቃ ግድግዳ ላይ ወዳለው ማሽን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሆኖ ይገባል። የክፍሉ አየር በላዩ ሲነፍስበት ሙቀቱን ይጠጣና ይተናል። ከዚያ በዚህ በመዳብ ቱቦ ወደዚህ ይመጣል። እዚህ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል። ከውጭው አየር በላይ ካልጋለ ሙቀቱን ማን ይቀበለዋል? ማራገቢያው ያን ሙቀት ይደፋለታል፣ ጋዙ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ግፊቱ ሲወርድ ይበርድና እንደገና ወደ አለቃ። እናንተ ግን መድፊያው ላይ ቤት ሠራችሁበት! ሙቀቱ እስከ ጣራው ሞላ። ማሽኗም የምትደፋበት ስታጣ እንዳትቃጠል ራሷን አጠፋች። ብልህ ናት።»

«እና እኔ?» አለ ጋሼ።

«እርስዎ ውጭ ነዎት።»

«በር አለኝ እኮ።»

«ይኑርዎት። ለማሽኗ ግን ውጭ ነዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገና «መፍትሔውስ?» አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙቀቱ እንዲወጣ የጋሼ በር ሁልጊዜ ተከፍቶ ይዋል፣ ተባለ። ጋሼ እጀታውን ያዘ።

«ሙቀቱን እችለዋለሁ» አለ። «ሸሚዝ ጨምሬ እመጣለሁ። በሩን ብቻ ተዉልኝ።»

አንጀቴን በላው። ያን ቀን ነው የገባኝ። ሰውየው ሹመትም አልፈለገ፣ ቢሮም አልፈለገ። ውጣ ሊለው ሳይሆን ልግባ ብሎ ሰው እንዲያንኳኳለት ነው የፈለገው። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲንኳኳ የሚያውቀው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ከሚያንኳኩት አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ። እዚያው ሥራ አስኪያጁ ላይ ጮህኩበት፤ «ኃላፊ ብለህ ሾመህ እንደ ዶሮ ትጠብሰዋለህ?» አልኩት። በግርግሩ አንተ ብዬዋለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። አስቦ አስቦ ከመቼውም የባሰ ነገር አመጣ። «ለኃላፊዬ የራሱ ኤሲ ይገዛለት!» አለ። ተገዛ። የውጭው ማሽን የት ይሰቀል? ግንቡ ላይ ምስማር አይመታም። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ጠጋኙ «እኔ ስቀል ካላችሁኝ እሰቅላለሁ» አለና ሰቀለ።

አሁን ጋሼን እዩት። በቀኙ የአለቃው ማሽን እሳት ትተፋለች፣ በግራው የራሱ ኤሲ በረዶ ይነፍሳል። ሹራቡን በግራ እጁ ብቻ ለብሶ፣ ቀኙን ሸሚዙን ጠቅልሎ ይቀመጣል። አፍንጫው በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈሰው። ግን በሩ ተዘግቷል! ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ ማሰሮው ውስጥ አስገባው፤ አበባዋ ነፍስ ዘራች። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ለእኛ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። የጋሼ ሙቀት አዳራሹ ውስጥ ተደፋ። ለናሙና የተደረደሩት ቁልፎች ከማሽኗ ፊት ስለነበሩ ግለው፣ አንድ ደንበኛ እጀታ ሊሞክር ብሎ መዳፉን ተጠበሰ። ቅሬታውን ለማን ያቅርብ? ለጋሼ። አዳራሹ አመፀ፤ ለአዳራሹም ኤሲ ተገዛ። የእሱ የውጭ ማሽን መዝገብ ቤት፣ እኔ ራስ ላይ መጣች። ወረቀቶቼ እንደ ደረቀ ቅጠል መጠቅለል ጀመሩ። እኔ ደግሞ እንደ ጋሼ ታጋሽ አይደለሁም። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ እያለ ገብቼ ጠረጴዛውን ደበደብኩት። «ለእሷም ግዙላት፣ የምትፈልገው ቦታ ስቀሉላት፣ ብቻ ከፊቴ ትጥፋ!» አለ። የምፈልገው ቦታማ አንድ ነበር፤ የገዛ ራሱ መጸዳጃ ቤት። አየር ማስወጫ ቀዳዳ አለው፣ ደግሞ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ቁጠሩት። የአለቃ ሙቀት ወደ ጋሼ፣ የጋሼ ወደ አዳራሹ፣ የአዳራሹ ወደ እኔ፣ የእኔ ወደ አለቃ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያም በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ አለቃ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጠጋኙ ደግሞ እየሳቀ፣ «እያንዳንዷ ማሽን የራሷንም ሙቀት ትጨምርበታለች፤ ከወጣው የተመለሰው ይበልጣል» አለን። አለቃ ኤሲውን ባጠነከረ ቁጥር ይብሱን ይሞቀዋል፤ በሞቀው ቁጥር ያጠነክረዋል።

በዚህ መሐል የቦርድ ሰብሳቢው ነጩን ቀለም ሊጎበኝ መጣ። ሕንፃውን ዞሮ አየ፣ አንድ ጭረት የለም፣ ረክቶ ገባ። ሻይ ጠጣ። ከዚያ «ይቅርታ» ብሎ ወደ አለቃ መጸዳጃ ቤት ሄደ። እንደገባ በሩን ቆለፈ። ቁልፉ የድርጅታችን ነው፣ በሩም በሙቀቱ ተጣምሟል። አልከፈት አለ።

«አውጡኝ!» የሚለው ጩኸት መዝገብ ቤት ድረስ ተሰማ። ሁላችንም ሮጥን። ሥራ አስኪያጁ ቆሌው ተገፍፎ «ቅሬታ ክፍል! ቅሬታ ክፍል!» እያለ ይጮሃል። ጋሼ ሹራቡን በአንድ እጁ እንደለበሰ መጣ። በሩ ጋ ቆመ። ውስጥ ያለው ሰው እየደበደበ ነው። ጋሼ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጣቱ ቀስ ብሎ አንኳኳ።

«ማነው?!» አለ ሰብሳቢው።

«የቅሬታ ክፍል ኃላፊ ነኝ ጌታዬ። እጀታውን ወደ ላይ አንሥተው ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት። አዎ። አሁን ያዙሩ።»

በሩ ተከፈተ። ሰብሳቢው ልክ የተቀቀለ ድንች መስሎ ወጣ። የሁላችንም ቢሮ ይግላል፤ እንዲያርፍ የሚቀዘቅዝ ቦታ ጠፋ። ጋሼ የዋሁ፣ ለሰው አዛኙ፣ በሩን ከፍቶ «የእኔ ጋ ይግቡ፣ በግራ በኩል ይቀዘቅዛል» አለው። ምነው አፉን በያዘው! ሰውየው ከኤሲው ሥር ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ትንፋሹ ተመለሰ። በሦስት በኩል መስታወት ነው፤ ከታች መንገዱ፣ ባሻገር ዛፎቹ፣ እጁ ሥር አበባዋ።

«ይቺ ክፍል ምን ታምራለች!» አለ።

በማግሥቱ ትእዛዙ መጣ። ማሽኖቹ በሙሉ ግንቡ ላይ ይሰቀሉ፤ ቀለሙ ገደል ይግባ። ጠጋኙ ባንድ ቀን አራቱንም ውጭ ደረደራቸው። ሙቀቱ ወደ ሰማይ ሄደ፣ ቢሮው ሁሉ ቀዘቀዘ፣ ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። የጋሼ ክፍል ማሽኗ ከወጣችለት በኋላ ከሕንፃው ሁሉ የሚያምር ሆነ። ስለሆነም የቦርዱ ማረፊያ ተደረገ፤ ቢሮ የሌለው ኃላፊ የለም ተብሎም ሹመቱ ተነሣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እሱ ሲሾም በላብ ነው ያለቀው፣ ሲሻርም አልተናገረ። ጠረጴዛውን እኔና እሱ ተሸክመን አዳራሹ ጫፍ መለስናት። በበሩ ላይ የነበረችውን «የክፍል ኃላፊ» የምትል ሰሌዳ ፈትቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ገና ሳይቀመጥ አንዱ ወደ መጸዳጃ ቤት መጣ።

«ይለፉ» አለው።

እኔ መዝገብ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። የማላፍርበት ነገር ነው።

እቤት ለእህቴ አልነገራትም። እኔ ነገርኳት። ከጎረቤቱ ሐሜት ይልቅ እሷን ነበር የፈራሁት፤ ሰፈሩን ሁሉ በዚያ ቢሮ ስታስቀና ከርማለች። የበሩንም ነገር፣ የማንኳኳቱንም፣ «ሙቀቱን እችለዋለሁ» ያለውንም ሁሉ ዘረገፍኩላት።  

ቅዳሜ ጠዋት እሱን ገበያ ላከችውና ዕቃ ቤቱን ገለበጠችው። የተቀደደ ፍራሽ ወጣ፣ የተሰበረ አልጋ ወጣ፣ የእኔም ሻንጣ ወጣ። ልጆቹ ጠረጉ፣ እናቴ እንኳ ከቴሌቪዥኑ ተነሥታ አቧራ አራገፈች። እህቴ ከድርጅታችን የተገዛ አዲስ እጀታ በሩ ላይ ራሷ ገጠመች። ቦርሳውን ከፍታ ሰሌዳዋን አወጣችና ቸነከረቻት። ከኮሪደሩ ወንበሩን አንሥታ አስገባች። ሲመጣ ዘንቢሉን ተቀብላ፣ «ግባና ዝጋ» አለችው።

ገባ። ዘጋ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ በዚያ ፀሐይ ምጣድ ነው። ኤሲ የለ፣ ማራገቢያ የለ። ኮሪደሩ ላይ ተሰብስበን ቆምን። 

ምሳ ሲደርስ ትንሿ ልጅ እንደ ልማዷ ልትደበድብ እጇን አነሣች። እህቴ አየር ላይ ያዘቻትና ወደ ኋላ መለሰቻት። ራሷ ጠጋ ብላ በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ምሳ ደርሷል። ልግባ?»

ዝም።  ሙቀቱ ገደለው እንዴ ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አልኩ።

«ደህና ነኝ» አለ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። «እስቲ... እስቲ አንዴ ድገሚው።»

ሁላችንም እህቴን አየናት። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የማትለዋን እህቴን። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችና እንደገና አንኳኳች።